ከብሎክ ሃያ ሁለት የጠፋው አሥራ አንድ ደቂቃ

በ2066 ዓ.ም. በሚያዝያ ሁለተኛው ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ፣ ናሆም ፊቱን ሊታጠብ ቧንቧው ፊት ቆሞ ሎሚ ይደረድር ነበር። ከቧንቧው በላይ ባለው መስታወት ላይ ሎሚ፣ ብርቱካንና ቃሪያ ተደባልቀው ይወርዳሉ። ሦስት ሎሚ በአንድ መስመር የገጠመለት አንድ ጣሳ ውሃ ያገኛል፤ አራት የገጠመለት ሞቅ ያለ ያገኛል። ናሆም ስልሳ አንድ ዓመቱ ነው። ዓይኑና ጣቱ ስለማይስማሙ ሞቅ ያለ ውሃ ካየ ሁለት ፋሲካ አልፎታል።

“አባዬ፣ ለኔም ደርድርልኝ! ረፍዶብኛል” አለች ልጁ ማራኪ ጫማዋን እያሰረች።

“የራስሽን ደርድሪ። ትናንት ምድጃው ሻይ እስኪያፈላልን ሃያ ደቂቃ ስክሪኑ ላይ ዶሮ ሲያባርር የነበረው ማነው?”

“አንተማ እያዘንክላቸው አትይዛቸውም።”

“እና ለአንድ ብርጭቆ ሻይ ብዬ ልጨክን?”

ይህ ሁሉ “አለሁ” ይባላል። መቼ ግዴታ እንደሆነ የሚያስታውስ ሰው የለም። ሲጀመር በነጻ የሚሰጥ ጌም ነበር። ከዚያ ነጥብ መጣ፣ ከነጥቡ ጋር ደረጃ፣ ከደረጃው ጋር ሊፍት። ደረጃ አምስት ያልደረሰ ሰው ሊፍት አይሳፈርም። ደረጃ ሦስት ያልደረሰ ዳቦ ቤት ከሰልፉ ጭራ ይቆማል። ለቅሶ ቤት “እግዜር ያጽናችሁ” ከማለት በፊት አምስት ሰከንድ የሳሙና ማስታወቂያ ማየት ግድ ነው፤ ለቀስተኛው በዚያች አምስት ሰከንድ ፊቱን ለሐዘን ያዘጋጅባታል። ግድግዳው በየግማሽ ሰዓቱ “አለህ?” ይላል፤ “አለሁ” ይባላል። ዝም ያለ ነጥብ ይቀነስበታል።

ከሁሉ የሚፈራው ዜሮ መግባት ነው። ዜሮ የገባን ሰው በር አያውቀውም። ሌላ ሰው ከፍቶ ቢያስገባው ከፋቹም ስለሚቀጣ ማንም አይከፍትለትም። ለማኝ እንኳ ደረጃ አለው፤ ታታሪ ለማኝ እስከ ስድስት ይደርሳል።

ናሆም ደረጃ አራት ነው። ስለዚህ በዚያ ቅዳሜም እንደ ሌላው ቀን፣ ከአራተኛ ፎቅ እስከ ጣሪያው በእግሩ ወጣ። “የጣሪያውን ቆርቆሮ ልይ” ብሎ ነው ለማራኪ የሚነግራት። ጣሪያው ላይ የተደረደሩት ሮቶዎች ውሃ ከያዙ አሥር ዓመት ሆኗቸዋል፤ ግድግዳ ስለሌለም እዚያ የሚያይ ዓይን የለም። ከሦስተኛው ሮቶ ክዳን ስር በጥቁር ፌስታል የተጠቀለለች ነገር አወጣ፤ ሳሙና የምታክል፣ ሁለት አውራ ጣት ብቻ የምትፈልግ በእጅ የምትያዝ ጌም።

ከምናለሽ ተራ፣ በኪሎ ከሚሸጥ ውዳቂ መሃል ነው ያወጣት። ስክሪኗ ከሞተ ስልክ፣ ባትሪዋ ከደም ግፊት መለኪያ፣ የግራ ቁልፏ ከአሮጌ ካፖርት የመጣ ነው። ውስጧ ሊኑክስ ነው፤ ባለቤት የሌለው፣ ማንም ከፍቶ አንጀቱን ሊያየው፣ ሊቆርጠውና ሊቀጥለው የሚችል ሥርዓት። ናሆም ሃያ ዓመት ሲቆርጠውና ሲቀጥለው ኖሯል። የምትጫወተው አንድ ጌም ብቻ ነው። አንድ ትንሽ ሰውዬ ፋኖስ ይዞ ገደል ለገደል ይሄዳል። የጌሙ ስም በጃፓንኛ ስለተጻፈ ናሆም ምን እንደሚባል እስከ ዛሬ አያውቅም።

እሷ “አለህ?” ብላው አታውቅም። ሲሳሳት ትገድለዋለች፣ ሲያውቅበት ታሳልፈዋለች፤ ከዚህ ሌላ ጉዳይ የላትም። ሰባት ደቂቃ ይጫወታል። ከሰባት አሳልፎ አያውቅም፤ ምክንያቱም ከአንድ ብሎክ እስከ አሥር ደቂቃ የሚጠፋ ዓይን “የዓይን ርግብግብታ” ተብሎ እንደሚታለፍ ያውቃል።

ያን ቀን ሲከፍታት ባትሪዋ እሱ ከተወው በታች ወርዶ አገኘው። እንዲህ መሆን ከጀመረ አራት ወሩ ነው። “አርጅተሻል፣ እንደ እኔ” አላትና ፋኖሱን ይዞ ገደሉን ተያያዘው።

ስድስተኛው ደቂቃ ላይ ከታች ከግቢው ድምፅ ተነሳ።

“የብሎክ ሃያ ሁለት ነዋሪዎች! ወደ ጋራ ቤቱ ግቡ! አውጫጭኝ ተጠርቷል!”

*

ድሮ ላም ሲሰረቅ አገሬው በሙሉ አንድ በረት ውስጥ ይገባ ነበር ይባላል፤ ሌባው በሰው አፍ እስኪወጣ ድረስም አይበተንም። አውጫጭኝ ማለት ይኸው ነው። አለሁን የሚመራው የመገኘት ባለሥልጣን ይህንን ሥርዓት ከመጽሐፍ ቆፍሮ አውጥቶ “ሀገር በቀል መፍትሔ” ብሎ ሲያውጅ በጣም ተጨብጭቦለታል። ላም ግን የለም።

ዘጠና ስድስት ነዋሪ በጋራ ቤቱ የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ፊት ለፊት ሁለት ሰዎች አሉ። አንደኛዋ ከባለሥልጣኑ የመጣች፣ ተገኘች የምትባል ተቆጣጣሪ ናት፤ ሠላሳ ዓመት የማይሞላት፣ ጨዋ፣ ሰው ስታናግር ከሰውዬው ትከሻ በላይ የምታይ። ሁለተኛው የብሎኩ ሊቀመንበር ኪሩቤል ነው። ደረጃ ዘጠኝ። ኮቱ ደረት ላይ የዘጠኝ ቁጥር ፒን አለች፤ ሰው ሲያናግረው ዓይኑን ትቶ ፒኗን ነው የሚያየው።

“ክቡራን ነዋሪዎች” አለች ተገኘች፣ “ከብሎካችሁ በየቀኑ አሥራ አንድ ደቂቃ ይጠፋል።”

ጉርምርምታ ሆነ።

“በዚህች ደቂቃ የሆነ ሰው ዓይኑን ከአለሁ ነቅሎ ሌላ ነገር ያያል። ሌላውን ነገር አናውቀውም፤ አለማወቃችን ነው ወንጀሉ። ሥርዓቱን ላንብብ። ከአሥር ደቂቃ በታች ያባከነ ተግሣጽና የአንድ ደረጃ ቅናሽ። አሥርና ከዚያ በላይ የሰረቀ ዜሮ። በሐሰት የማለ ደቂቃው ሳይቆጠርለት ዜሮ። ጠቋሚ ‘ወፍ ነገረችኝ’ ካለ ወፏ አትጠየቅም፤ ጥንታዊ ወጉ ነው። የተያዘ ሰው በሌላ ላይ ቢጠቁም አይያዝለትም። እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ካልወጣ መላው ብሎክ ሁለት ደረጃ ይወርዳል። ሽንት ቤት በተራ ነው።”

ናሆም ከመጨረሻው ረድፍ በጣቱ ቆጠረ። አሥራ አንድ። የእሱ ሰባት ነው። አራቱ የማነው? ያን ጊዜ የባትሪዋ መውረድ ትዝ አለው። ሰው አግኝቷታል። አራት ወር ሙሉ ሌላ ሰው፣ ያውም በእሱ ፌስታል፣ በእሱ ፋኖስ ሲጫወት ኖሯል።

“አባዬ” አለች ማራኪ በጆሮው፣ “አንተ አይደለህም፣ አይደል?”

“አሥራ አንድ ደቂቃ? እኔ?”

“እኔ ደረጃ አምስት ነኝ። ሁለት ከወረድኩ አውቶቡሱ አይጭነኝም፤ ሥራዬ አበቃለት። አንተ ከሆንክ ደግሞ...” ጨረሰችው በዓይኗ፤ አንተ ከሆንክ ወደ ቤት አትገባም።

ናሆም አሰበ። ቢምል በሐሰት የማለ ይሆናል፤ ዜሮ። “ሰባቱ የኔ ነው” ብሎ ቢናዘዝ ማን ያምነዋል? አሥራ አንዱን ጠቅልለው ያሸክሙታል፤ ያም ዜሮ። ያለው ተስፋ ሌላው ሰው ከእሱ ቀድሞ እንዲወጣ መጸለይ ብቻ ነው።

መሐላው ከፊት ረድፍ ጀመረ። እትዬ ሶሊያና ተነሳች፤ ስልሳ ሦስት ዓመቷ ነው፣ ጉልበቷን ያማታል፣ አፏን ግን አሟት አያውቅም።

“ስሚኝ ልጄ፣ አሥራ አንድ ደቂቃ ብሰርቅ ጌም አልጫወትበትም። እተኛበታለሁ።”

ሰው ሳቀ። ተገኘች አልሳቀችም። “ይማሉ።”

“እምላለሁ! አላየሁም፣ አልሰማሁም፤ ብዋሽ በር አይወቀኝ። ቀድሞስ መች አውቆኝ!”

እስከ ስድስት ሰዓት ሳቁ አለቀ። እስከ ስምንት ሰዓት ጨዋነቱ አለቀ። የሦስተኛ ፎቁ የሁለተኛ ፎቁን “ሁልጊዜ ፊትህ ረጋ ያለ ነው፤ ከየት አመጣኸው?” አለው። አንዲት ሴት ባሏን ጠቆመች፤ ሲጣራ ባልየው በዚያች ደቂቃ የሚሄደው ወደ ሌላ ሴት ነበር፤ ይህ በአለሁ ተመዝግቦ ነጥብ ስለሚያሰጥ ወንጀል አይደለም ተባለ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሽንት ቤት ሰልፍ ላይ ሁለት ሰዎች ተያያዙ። ተገኘች ሁሉንም በጨዋነት መዘገበች። የቀሩት የመጨረሻው ረድፍና፣ እንደ ወጉ መጨረሻ የሚምለው ሊቀመንበሩ ብቻ ነበሩ።

ኪሩቤል ሰዓቱን አየ። ከዚያ ተነሳ።

ናሆምና ኪሩቤል የሚተዋወቁት ሳሪስ ከነበረው ፕሌስቴሽን ቤት ጀምሮ ነው። የቤቱ ሕግ አንድ ነበር፤ ተሸናፊ ይነሳል። የሚነሳው አብዛኛውን ጊዜ ኪሩቤል ነበር፤ እጁ ይቸኩላል፣ ገደሉ ሳይደርስ ይዘላል። ዩኒቨርሲቲ ገብተው አንድ ዶርም ሲደርሳቸው ጠቡ መልክ ያዘ። ኪሩቤል የዊንዶውስ ሰው ሆነ፣ ናሆም የሊኑክስ። ኪሩቤል ጌሙን ይከፍታል፣ ይጫወታል፣ “ይሠራል ወይ? ይሠራል። በቃ!” ይላል። ናሆም ያንኑ ጌም በሊኑክስ ለማስነሳት ሲፈታና ሲገጥም ያድርና ንጋት ላይ፣ ዓይኑ ደም ለብሶ፣ አሥር ደቂቃ ይጫወታል። “አንተ ጌም አትጫወትም፤ ጌም ትጠግናለህ” ይለዋል ኪሩቤል። “አንተ ደግሞ በራስህ ኮምፒውተር ላይ እንግዳ ነህ” ይለዋል ናሆም። ጠቡ አርባ አንድ ዓመት ሆነው። በሰርግ ተጣልተውበታል፣ በክርስትና ተጣልተውበታል፣ የናሆም ሚስት የቀብር ዕለትም ከድንኳኑ ጀርባ ትንሽ ተጣልተውበታል።

“ወገኖቼ” አለ ኪሩቤል እጁን አጣምሮ። “አሁን እንዲህ ያለ ሌባ ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ ልንገራችሁ? እኔ አውቀዋለሁ። የተዘጋጀ ማዕድ ፊቱ ቀርቦለት፣ ‘አይ፣ የራሴን ሽሮ በምስማር ላማስል’ የሚል ነው። ድሮ ሊኑክስ የሚባል ነገር ነበር። ታላላቆቹ ታስታውሱታላችሁ።”

ከፊት ረድፍ ሽማግሌዎቹ ሳቁ።

“ሰውዬው ጌም ሊጫወት ይቀመጣል። መጀመሪያ ይጠግናል። ከዚያ የጠገነውን ይጠግናል። ሲጨርስ እንቅልፉ ይመጣል!”

ሳቁ ጨመረ። ናሆም ወንበሩን ያዘ። ማራኪ እጇን ጉልበቱ ላይ አደረገች፤ አባቷን ታውቀዋለች።

“ደግሞ ማሽኑን አንዴ ካስተኙት አይነቃም!”

እሱን እኮ በ2049 አስተካክዬዋለሁ፣ አለ ናሆም በልቡ። ምላሱን ነከሰ።

“ቁልፉን ዛሬ ብትጫነው ነገ ነው የሚሰማህ!”

ናሆም ምላሱን አጥብቆ ነከሰ። የደም ጣዕም መጣለት።

“ድምፁንማ ተዉት” አለ ኪሩቤል፤ አሁን ሞቆታል፣ ፒኗ ደረቱ ላይ ትዘላለች። “ሦስተኛው ዙር ላይ፣ ድልድዩ ጋ ስትደርሱ፣ እንደ ፈንድሻ ይንጣጣል! ይኼ ነው ሊኑክስ ማለት!”

“የሚንጣጣው ድምፅ ማጉያዋ ተሰንጥቆ ነው!” አለ ናሆም ቆሞ። “ከሊኑክስ ጋር ምን አገናኘው? የተሰነጠቀ ጀሪካን ቢያፈስ ጥፋቱ የውሃው ነው? ድንቁርናህ አርባ ዓመት ሙሉ አልለቅህ አለ!”

ማራኪ የጃኬቱን ጫፍ ይዛ ወደ ታች ትጎትት ነበር፤ ተወችው።

“የማን ድምፅ ማጉያ?” አለች ተገኘች ረጋ ብላ።

ናሆም ቁጭ ሊል አስቦ አልቻለም። የተናገረው ነገር አየሩ ላይ ተንጠልጥሎ ታየው። ኪሩቤል አላፈረም፤ ዓሣው መንጠቆውን እንደዋጠለት ሰው ቀስ ብሎ ተነፈሰ። ናሆም ሊኑክስ ተሰድቦ ዝም ማለት እንደማይችል ከእሱ በላይ የሚያውቅ በምድር ላይ የለም።

ግን አንድ ነገር ነበር። ናሆም ያቺን ነገር ያዛት።

“ኪሩ” አለ። “ድልድይ እንዳለ ማን ነገረህ?”

ኪሩቤል ሊቀመጥ ወንበሩን በእጁ ፈለገ።

“ሦስተኛው ዙር ላይ ድልድይ አለ። ድልድዩ ጋ ድምፁ ይንጣጣል። እዚህ ቤት ውስጥ ይህን የሚያውቅ እኔና አንድ ሌላ ሰው ብቻ ነን።” ወደ ተገኘች ዞረ። “እኔ ሰባት ነኝ። ሰባት ደቂቃ፣ ከሦስተኛው ሮቶ ስር፣ በየጠዋቱ፤ ሄደሽ አምጪያት። አራቱን ግን ባለቤታቸው ይናገር።”

ዘጠና አራት ጭንቅላት ወደ ሊቀመንበሩ ዞረ።

“ወፍ ነገረችኝ” አለ ኪሩቤል።

“ወፏ አትጠየቅም” አለች ተገኘች፤ መዘገበች። “የተያዘ ሰው ጥቆማም አይያዝም። የቀረው የሊቀመንበሩ የራሳቸው መሐላ ነው። አራት ደቂቃ ካለባቸው ተግሣጽና አንድ ደረጃ ነው፤ እርስዎም በሰባት ተግሣጽና አንድ ደረጃ። ከሌለባቸው አሥራ አንዱ የእርስዎ ነው።”

ሒሳቡ ለሁሉም ገባው። አንድ ቃል ከኪሩቤል ብትወጣ ሁለቱም ቤታቸው ያድራሉ። ማራኪ ተነስታ “ጋሽ ኪሩቤል፣ እባክዎ” አለች፤ ከዚያ በላይ ድምፅ አልወጣላትም።

“ልመና አያስፈልግም” አለ ናሆም። “አርባ አንድ ዓመት የጠየቅከኝን አንድ ጥያቄ ልጠይቅህ፣ ኪሩ። ይሠራል ወይ?”

ኪሩቤል ሕዝቡን አየ። በሽማግሌዎቹ ፊት ላይ ገና ያልደረቀ ሳቅ ነበር፤ አሁን በሊኑክስ ላይ የሳቁትን እሱ ላይ ሊያደርጉት ተዘጋጅተው ይጠብቃሉ። የዊንዶውሱ ኪሩቤል። ሮቶ ስር ተሸጉጦ፣ በካፖርት ቁልፍ ሊኑክስ ሲጫወት።

“አይሠራም” አለ። ቀኝ እጁን አነሳ። “አላየሁም፣ አልሰማሁም፤ ብዋሽ በር አይወቀኝ።”

ተገኘች ጻፈች። ጌሟ ከነፌስታሏ መጣች፤ ማንም ሳያበራት ቦርሳ ውስጥ ገባች። ግድግዳው “ናሆም፤ ዜሮ” አለ። ሰው አጨበጨበና ወደ በሩ ተጋፋ። እትዬ ሶሊያና በናሆም አጠገብ ስታልፍ ቆም አለች።

“ናሆምዬ፣ አትቀየመኝ። ሽንቴ መጥቶ ነው ያጨበጨብኩት።”

*

ከግቢው በር ውጪ የጠርዝ ድንጋይ አለ። ናሆም እዚያ ተቀመጠ። ሰው ሲያልፍ አያየውም፤ ዜሮን ትኩር ብሎ ማየት ዓይንን ከአለሁ እንደመንቀል ይቆጠራል። ማራኪ በየጠዋቱና በየማታው ከአራተኛ ፎቅ በረንዳ በገመድ ፌስታል ታወርድለታለች፤ በረንዳዋ ከግቢው አጥር በላይ ስለሆነች ፌስታሉ ውጭ ይደርሳል። ገመድ በር ስላልሆነ መመሪያው የሚለው የለም። ባለሥልጣኑ ግን ስለ ገመድ የሚመክር ኮሚቴ አቋቁሟል ተብሏል።

በስድስተኛው ቀን ጠዋት በሩ “እንደምን አደሩ፣ ክቡር ሊቀመንበር” ሲል ናሆም ቀና አላለም። ኪሩቤል ወጣ። የበሩን ማጠፊያ የሚመረምር መስሎ ቆመ።

“አሁንም እዚህ ነህ?”

“ግብዣ አለብኝ፤ መኪናዬን እየጠበቅሁ ነው።”

“የዘራኸውን ነው ያጨድከው።”

“የዘራሁትን የሰረቅከው አንተ” አለ ናሆም። “በሰባት ደቂቃዬ ስንት ዓመት በሰላም ስኖር አራት ደቂቃ ጨምረህ ርግብግብታውን አስቆጠርክብኝ። እንዴት አገኘሃት?”

“ሮቶ ልፈትሽ ወጥቼ።”

“ደረቅ ሮቶ?”

ኪሩቤል ማጠፊያውን ነካ ነካ አደረገው። የሚሄድ መሰለ፤ ከዚያ ተመለሰ።

“ድልድዩን” አለ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ “እንዴት ነው የምታልፈው?”

ናሆም በስድስት ቀን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱ ተፈታ። “አራት ወር ሙሉ ድልድዩ ላይ ነው የሞትከው?”

“ስንቴ እንደሞትኩ አትጠይቀኝ።”

“ሌላ ዙር አይተህ አታውቅም? የበረዶውን? ባሕሩን?”

“ባሕር አለው?” አለ ኪሩቤል፤ ድምፁ የስምንት ዓመት ልጅ ድምፅ ሆነ። ወዲያው ጉሮሮውን ጠረገ። “ንገረኝና ልሂድ።”

“መጀመሪያ ይሠራል በል።”

“ጌሟ ተወስዳለች፤ ብልህ ምን ያደርግልሃል?”

“ተወስዳለች፤ ድልድዩስ ምን ያደርግልሃል?”

አንድ አውቶቡስ ደረጃ አምስቶችን ጭኖ አለፈ።

“ይሠራል” አለ ኪሩቤል በከንፈሩ።

“አልሰማሁም።”

“ናሆም፣ በሩ ይሰማል። እኔ ምያለሁ።”

“እኔ ደግሞ ጆሮዬ ደክሟል።”

ኪሩቤል ወደ ኋላው፣ በበሩ ራስ ላይ ወዳለችው ቀዳዳ ዞሮ አየ። ፒኗን ዳሰሳት። ግንባሩ ላይ ያለው ሥር ተነሳ፤ ናሆም ያን ሥር ያውቀዋል፤ ሳሪስ ፕሌስቴሽን ቤት ውስጥ፣ ገደሉ ሳይደርስ ሊዘል ሲል የሚነሳው ነው።

“ይሠራል!” አለ ጮሆ። “እሺ? ይሠራል! ሊኑክስህ ይሠራል፣ ተጫውቼበታለሁ፣ በአራት ወር አንዴም አልቆመብኝም! ከዊንዶውስ በላይ ባይሆንም ይሠራል!”

“‘ባይሆንም’ ምን ይሠራል እዚህ መሃል?”

በሩ ቀጭ አለ። ከላዩ ያለው አረንጓዴ መብራት ጠፋ። ኪሩቤል ሄዶ ገፋው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በማዕረጉ ሰላም ሲለው የኖረ በር ጉሮሮውን የጠረገ ያህል ቆየና፦

“ማን ልበል?” አለው።

ኪሩቤል አንዴ ደግሞ ገፋው። ናሆም ከድንጋዩ ላይ ወደ ዳር ጠጋ አለ።

“ሕጉ ተሸናፊ ይነሳል ነበር። አንተ ግን ተቀመጥ፤ ተነስተህ የምትሄድበት የለህም።”

ተቀመጠ። ኮቱን አስተካከለ። “ድልድዩ” አለ።

“አትዘልም።”

“እ?”

“ድልድዩ ጋ ስትደርስ እጅህን ከቁልፉ ላይ ታነሳለህ። ሦስት ትቆጥራለህ። ራሱ መጥቶ ይወስድሃል።”

ኪሩቤል አውራ ጣቶቹን ባዶ አየር ላይ አድርጎ ነበር። አነሳቸው። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ናሆም አየው፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት።

“ይኼማ የጌሙ ስህተት ነው” አለ በመጨረሻ።

“ስህተት አይደለም! እንደዚያ ተብሎ ነው የተሠራው!”

“በዊንዶውስ ቢሆን ኖሮ...”

“በዊንዶውስ ቢሆንም ያው ድልድይ ነው፣ አንተ ደደብ!”

ከላይ ፌስታሉ በገመድ እየተወዛወዘ ወረደ። ማራኪ ከበረንዳው ጎንበስ ብላ አየች፤ ሁለት ሰው መሆናቸውን ስታይ ፊቷ ጠቆረ።

“አባዬ! አንድ ዳቦ ብቻ ነው! ለእሱ እንዳትሰጠው!”

“ሰምቻለሁ!” አለ ናሆም።

ዳቦውን አወጣ። ለሁለት ገመሰው፣ ሁለቱን ግማሾች እያገላበጠ አስተያየ፣ ትልቁን ለራሱ ያዘ።